ልጁ ስንት ሜትር ሄደ?

በመንዝ መንገድ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ የምለው አይጠፋችሁም። ከመሐል ሜዳ ወጣ እንዳላችሁ ባናቸውን ደርበው በግ የሚያግዱ አንድ አዛውንት ታገኙና፣ «አባባ፣ የምንሄድበት ሰፈር ሩቅ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። እሳቸውም ዱላቸውን ወደ ጋራው ቀስረው «ኧረ እዚህችው ናት!» ይሏችኋል። እዚህችው የተባለችው ቦታ ሁለት ቁልቁለትና ሦስት ዳገት ሆና ቁጭ ትላለች። ስትደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ጉልበታችሁም ከድቷችኋል። አዛውንቱ ግን አልዋሹም። ለእሳቸው እግር እዚህችው ናት።

ዛሬ ቡናው እስኪፈላ ላጫውታችሁ የፈለግሁት የዚሁ የእግር ነገር ነው። «እዚህችው» የምትባለው ቦታ ስለምትርቃቸው ልጆች፣ ልባቸው ገና ከማኅፀን ችግር ይዞ ስለተወለደ ልጆች እናውራ።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ አንድ ልጅ አምስትና ስድስት ዓመት ሲሞላው እግሩ ሥራ ይጀምራል። በግ ይከተላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ትምህርት ቤቱም ጋራ ማዶ ነው። የገና ሰሞን ደግሞ ሩሯን ሲያሳድድ ይውላል። እንዲህ ባለ አገር ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። መታየቱ ባልከፋ፤ የሚከፋው የሚሰጠው ስም ነው። አባት «ይሄ ልግመኛ!» ይላል። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ትላለች። አስተማሪው ሰነፍ ከሚባሉት ተርታ ያሰልፈዋል።

ልጁ ራሱስ ምን ይላል? ምንም አይልም። ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ትንፋሽ ይሄው ነው፤ ዳገት ላይ ሰው ሁሉ እንደ እሱ የሚያለከልክ ይመስለዋል። ስለዚህ ብልሃት ያበጃል። ኳስ ሲሆን ግብ ጠባቂ ልሁን ባይ እሱ ነው። በግ ሲጠበቅ «እናንተ ዙሩ፣ እኔ እዚህ ሆኜ እመልሳለሁ» ይላል። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁት ባለሙያው «ይደክምሃል ወይ?» ቢለው «ኧረ አይደክመኝም» ብሎ ይመልሳል። አልዋሸም፤ የሚያደክመውን ነገር ከተወው ቆይቷል።

የዛሬው ጨዋታዬ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ይደክምሃል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስረዳም። አስሂዶ ሜትሩን መቁጠር ግን ያስረዳል።

ነገሩ ብርቅ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት ልባቸው ላይ አንድ ዓይነት የአፈጣጠር ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ከመቶ አንድ ገደማ ማለት ነው። በብዛት የሚታየው በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። የላይኞቹም ግድግዳ እንዲሁ ክፍት ሊቀር ይችላል። ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳለ የሚጠቀምበት፣ ሲወለድ ግን መዘጋት ያለበት አንድ የደም ቧንቧም አለ፤ እሱም አንዳንዴ ክፍቱን ይቀራል። ሰዉ ሁሉንም ጠቅልሎ «ልቡ ቀዳዳ አለው» ይለዋል። በነገራችን ላይ፣ ቶንሲል ሳይታከም ቀርቶ በኋላ የልብን በር የሚያበላሸው ሕመም ሌላ ነው። አገራችንን ክፉኛ የሚጎዳ ቢሆንም ከልጁ ጋር አብሮ አይወለድም፤ የእሱን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።

አብሮ ለሚወለደው የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ፈተና የሚሰጠው የት ይመስላችኋል? እናት ጭን ላይ! ለጨቅላ ሕፃን ጡት መጥባት ትልቅ የጉልበት ሥራ ነው። ይስባል፣ ይውጣል፣ በመካከል ይተነፍሳል። ለእሱ ዳገት መውጣት ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ እናቲቱን እንዲህ ብሎ ይጀምራል።

«እትዬ፣ ሲጠባ ያልበዋል?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ ግንባሩ ችፍ ይላል። እኔማ ሙቀት ነው ብዬ።»

«ቶሎ ይተወዋል?»

«ትንሽ ይጠባና ያርፋል፣ ደግሞ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይጀምራል። እንዲህ ሲል ውሎ አንጀቱ ጠብ አይልለትም።»

እንግዲህ አስቡት፤ መሐል ሜዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ቁር ባለበት፣ ሕፃን ሲጠባ በላብ ከተጠመቀ ሙቀት ሊሆን አይችልም። ጡት እየጠባ ክብደት የማይጨምር፣ እየጠባ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ጉንፋንና የሳንባ ምች የሚመላለስበት ሕፃን ልቡ መታየት አለበት። ለዚህ ፈተና መሣሪያም ገንዘብም አይጠየቅም፤ እናቲቱን የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ይበቃል።

ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ምልክት ይመጣል። ጥቂት ይሄድና ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ትንሽ ይቆይና ተነሥቶ ይቀጥላል። ይህ የስንፍና አቀማመጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ፈረንሳዊው ሐኪም አርተር ፋሎ አንድ ላይ የሚገኙ አራት የልብ ጉድለቶችን ለይቶ ጻፈ፤ በሽታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ያንሰዋል፣ ያልተጣራው ደም ወደ ሰውነቱ ያልፋል፣ ከንፈሩም ይጠቁራል። ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይታጠፉና የሰውነቱ ግፊት ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ደሙ መንገድ ቀይሮ ወደ ሳንባው ይገፋል። ልጁ ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ሰውነቱ ራሱ ያገኘው መድኃኒት ነው።

ይህን አቀማመጥ አጥብቃ ካስተዋሉት አንዷ አሜሪካዊቷ የሕፃናት የልብ ሐኪም ሔለን ታውሲግ ነበረች። ጆሮዋ ስለደከመ የልጆቹን ልብ በእጇ መዳፍ እየዳሰሰች ታደምጥ ነበር። የእሷ ሐሳብ፣ የቀዶ ሐኪሙ የአልፍሬድ ብላሎክ እጅና የጥቁሩ የቤተ ሙከራ ባለሙያ የቪቪየን ቶማስ ብልሃት ተደምረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1944 ዓ.ም. በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከንፈሯ የጠቆረ አንዲት ሕፃን በቀዶ ሕክምና ተረዳች። የልጆች የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ የዞረው ያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ለደገኞቹ የምትጠቅም አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። በመንዝ ብርድ የጤነኛ ልጅም ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፤ ጉንጩም ይላጣል። ታዲያ በምን ይለያል? «ምላስህን አውጣ» በሉት። ብርድ ከንፈርን ያጠቁር ይሆናል እንጂ ምላስን አያጠቁርም። ልጁ ቤት ገብቶ እሳት ዳር ሞቆም ምላሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ፣ የጣቶቹም ጫፍ አብጦ ጥፍሩ ከተደፋ፣ ነገሩ የብርድ አይደለም።

አሁን ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ። ከመንዝ የተነሣ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከመርሐ ቤቴ የተነሣ ከዓለም ከተማ ወርዶ ጀማን ይሻገርና በለሚ በኩል ይወጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል። የልብን ግድግዳ በዓይን የሚያሳየው ኢኮ የተባለው ምርመራ ነው፤ ኢኮ የሚያነሣ የልጆች የልብ ሐኪም ደግሞ በየወረዳው አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ሲመሠርቱ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው የኢትዮጵያ ልጅ ዕድሉ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። በእስራኤል የልብ ሕሙማን ልጆችን የሚያክመውን ድርጅት የመሠረተው ዶክተር አሚ ኮኸንም ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ መካከል የእኛ ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተና ቀዶ ሕክምናው እዚሁ ገባ። ያም ሆኖ ወረፋው በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ወረፋ ባለበት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ማን ይቅደም? እስከዚያስ ልጁ እንዴት ይጠበቅ? በሀብታሞቹ አገር ልጁን ትሬድሚል ላይ አውጥተው፣ አፉና አፍንጫው ላይ ጭምብል ገጥመው፣ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን አየር ይለካሉ። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው ሮበርት ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው አሠራር በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱንና ዳገቱን ይጨምራል። ልኩ ጥሩ ነው፤ መሣሪያው ግን ውድ ነው፣ ባለሙያ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋም ይቆማል።

ይህ ፈተና ድሃ ዘመድም አለው። አመጣጡን ልንገራችሁ። ኬኔት ኩፐር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ወታደሮችን 12 ደቂቃ አስሩጦ በርቀታቸው ብርታታቸውን መለካት ጀመረ። በ1976 የብሪታንያ ሐኪሞች ሐሳቡን ለሳንባ ሕሙማን አመጡት፤ መሮጥ ስለማይችሉ 12 ደቂቃ በሆስፒታሉ ኮሪደር ይሂዱ ተባለ። ለበሽተኛ 12 ደቂቃ ረዘመ። በ1982 ስድስት ደቂቃውም ያንኑ ያህል እንደሚናገር ታየና በዚያው ጸና። በ2002 የአሜሪካ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር ደንብ አወጣለት። ዛሬ የልብና የሳንባ ሐኪም ያለበት አገር ሁሉ «የስድስት ደቂቃ እርምጃ» ሲባል ያውቀዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 30 ሜትር የሆነ ደልዳላ መሬት ይፈለጋል። «ደልዳላ» ስል መንዞች ትስቁ ይሆናል፤ ግን የትምህርት ቤቱ የሰንደቅ ዓላማ ሜዳ አለላችሁ። ግራና ቀኙ ላይ ምልክት ይደረጋል። ልጁ ከጉዞው በፊት ቁጭ ብሎ ያርፋል፤ የልብ ምቱና በደሙ ያለው ኦክስጅን ጣቱ ላይ በምትገጠመው ኦክሲሜትር ይለካል። ከዚያ «በተቻለህ መጠን ሩቅ ሂድ፣ አትሩጥ፣ ከደከመህ ቆመህ ማረፍ ትችላለህ» ይባላል። እየዞረ ይመላለሳል። አስቆጣሪው ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ጠጠር ያስቀምጣል። በየደቂቃው አንድ ዓይነት ቃል ይነገረዋል፤ «ጎበዝ፣ አምስት ደቂቃ ቀረህ»፣ «ጎበዝ፣ አራት ቀረህ»። ሌላ ጭብጨባና ፉከራ አይፈቀድም። ዛሬ በዕልልታ አስሂዳችሁት በሚቀጥለው ወር በዝምታ ብታስሄዱት የሚለካው ዕልልታችሁ እንጂ ልቡ አይሆንም። የመንደሩ ልጆችም ዳር ቆመው «ሩጥ! ሩጥ!» እንዳይሉት መራቅ አለባቸው። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ ይቆማል፤ ሜትሩ ይደመራል፤ ልብ ምቱና ኦክስጅኑ እንደገና ይታያል፤ ምን ያህል እንደደከመውም ይጠየቃል። ትንንሾቹ ቁጥር አይገባቸውምና ከሚስቅ እስከሚያለቅስ የተሣሉ ፊቶች ይሰጧቸውና አንዱን በጣታቸው ያሳያሉ።

ኦክሲሜትሯን ካነሣን አይቀር፣ ደጋ ላይ አንድ ተንኰል አላት። ጣት ሲቀዘቅዝ ደም ይርቀዋል፤ እሷም የተሳሳተ ቁጥር ትሰጣለች። ስለዚህ ልጁ እጁን ጋቢ ውስጥ ከትቶ ይሙቅ፣ ይታሽ፣ ከዚያ ይለካ። ጥፍሩ ቀለም ከተቀባ ሌላ ጣት ይፈለግ። ጥቁር ቆዳ ላይም አንዳንዴ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ እንደምታሳይ ተረጋግጧል። ስለዚህ ቁጥሯ ደህና ነው ቢል እንኳ የልጁ ምላስ ሌላ ከተናገረ ምላሱን እመኑ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሜትር ነው ደህና የሚባለው?» ነው። በለንደን ጤነኛ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት የአራት ዓመት ልጅ በስድስት ደቂቃ በአማካይ 380 ሜትር ገደማ፣ የ11 ዓመቱ ደግሞ 510 ገደማ ሄደዋል። በሆንግ ኮንግ ከ7 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች አማካይ 660 ሜትር አካባቢ ወጣ። የዕድሜያቸውን ልዩነት ብናስብም ሁለቱ ከተሞች አይገጥሙም። የእግር ርዝመት፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ የአስቆጣሪው ቃል፣ ሁሉም ለውጥ ያመጣል።

በዚያ ላይ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይሉም። የእኛ ልጅ የሚሄደው የት ነው? የመንዙ የጓሳ ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ግን ደጋችን የራሱ ምሥጢር አለው። ሲንቲያ ቢያል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በስሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ፣ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለክታ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት ሳይንቲስቶቹን አስደንቋል። የእነዚያ ሰዎች የደም ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ ነበር፤ ደማቸውም የአንዲስ ተራራ ሰዎችን ያህል አልወፈረም። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የወጣችው ጌጤ ዋሚ በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ ስታመጣ ብዙዎቻችን «የደጋ ሳንባ!» ያልነው ያለ ነገር አይደለም።

ከፍታው የሚከፋው ልቡ ሳይዘጋ ለተወለደው ነው። ያ ሲወለድ መዘጋት ያለበት ቧንቧ እንዲዘጋ ምልክት የሚሰጠው ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጋር የሚገባው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ ሲሳሳ መዘጋቱ ይዘገያል። የፔሩ ሐኪሞች በአንዲስ ተራሮች ላይ ይህ ቧንቧ ክፍት የቀረባቸው ልጆች ከቆላው ይልቅ እንደሚበዙ ያስተዋሉት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ደጋነት የሳንባን ደም ሥሮችም ያጠብባል። ሰፊ ክፍተት ያለበት ልብ ደግሞ ግድቡ እንደተሸነቆረ ቦይ ትርፍ ደም ወደ ሳንባ ይለቃል፤ ዓመታት ሲያልፉ የሳንባው ደም ሥሮች ይደድራሉ፣ ግፊቱ ይገለበጣል፣ ያልተጣራው ደም ወደ ሰውነት ያልፋል። ኦስትሪያዊው ቪክቶር አይዘንመንገር እ.ኤ.አ. በ1897 የገለጸው ይህንን ነው። እዚያ ከተደረሰ ክፍተቱን መዝጋት ራሱ ለልጁ አደጋ ይሆናል። «ሲያድግ ይሻለዋል» እያሉ መጠበቅ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የለንደንን ሠንጠረዥ ይዞ የመሐል ሜዳን ልጅ መዳኘት አይሆንም። የሚሻለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዕድሜም በቁመትም የሚመስለውን የዚያው ቀበሌ ጤነኛ ልጅ በዚያው ሜዳ ላይ በሌላ ተራ ማስሄድ። ሁለተኛና ዋናው፣ ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር። በጥቅምት 420 ሜትር ሄዶ በሚያዝያ 340 ከሄደ፣ ኦክስጅኑም ሲሄድ ከበፊቱ ይልቅ ካሽቆለቆለ፣ ያ ወረቀት ደብረ ብርሃን ላለው ሐኪም ትልቅ መልእክት ነው። «ይደክመዋል» የሚል ሪፈር ወረቀት ብዙ ነው፤ «በስድስት ወር 80 ሜትር ቀንሷል» የሚል ግን ያስቆማል።

ስድስት ደቂቃ የሚሄዱበት ሜዳ ከጠፋስ? ዝናቡ ሐምሌን ሙሉ አላስወጣ ካለስ? ለእሱም መላ አለው። አንድ በርጩማ ወይም ወንበር ይበቃል፤ ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። የወንበሩ ቁመት ግን ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት፤ ዛሬ በርጩማ ነገ መደብ ከሆነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ሌላው የደረጃ ፈተና ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ ለሦስት ደቂቃ ይወጣል ይወርዳል። ምቱን ስልክ ይመታለታል፣ ካልሆነም በጭብጨባ ይያዛል። እነዚህ ሁለቱ ጠባብ ክፍል ላለው ጤና ጣቢያ የተሠሩ ይመስላሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነዚህ ፈተናዎች በሽታውን ለይተው አይናገሩም። የላይኛው ግድግዳው ክፍት የሆነ ልጅ ለዓመታት እንደ ሚዳቋ እየዘለለ ሊቆይ ይችላል፤ ስድስት ደቂቃ ጥሩ ስለሄደ ልቡ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ልብን የሚያውቁት የሐኪሙ ማዳመጫና ኢኮው ናቸው። ፈተናው የሚነግረን ልጁ በዚያ ልቡ ምን ያህል መኖር እንደሚችል ነው። ደግሞም ሲሮጥ ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ወይም ሲያርፍ እንኳ የሚያለከልክ ልጅ ቤት ውስጥ አይፈተንም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ፈተናውም ቢሆን ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ፣ ልጁ ካዞረው ወይም ፊቱ ከገረጣ ወዲያው የሚያስቆመው መሆን አለበት።

እስካሁን ስለሚዘገየው ልጅ አወራን። አሁን ደግሞ ስለሚታሰረው። አንዳንድ ቤት ልጁ «የልብ በሽተኛ» ከተባለባት ቀን ጀምሮ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። አትሩጥ፣ አትዝለል፣ ሩር አትንካ፣ ውኃ አትቅዳ፣ ከእናትህ ጉያ አትራቅ። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የጓደኞቹን ሹራብ ይዞ ዳር ይቀመጣል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማን ይፈርዳል? ግን ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ሲነሣ ይበልጥ ይደክመዋል፤ ድካሙም እንደገና የመታሰሪያ ምክንያት ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶለት ከአዲስ አበባ የተመለሰ ልጅ ሳይቀር እንዲህ ሲታሰር ይታያል።

የልብ ሐኪሞች የዛሬ ምክር ሌላ ነው። ከጥቂት ከባድ ዓይነቶች በስተቀር አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆች መንቀሳቀስ ይጠቅማቸዋል፤ ምን ያህል የሚለውን ሐኪማቸው ይወስናል። በበረዶ ላይ ሸርተቴ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊ ሾን ዋይት የተወለደው ያንኑ የፋሎን በሽታ ይዞ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁለት ጊዜ ልቡ ተከፍቷል። እያንዳንዱ ልጅ ሾን ዋይት ይሆናል እያልኩ አይደለም። ሐኪሙ የፈቀደለት ልጅ ገና ይጫወት ነው የምለው። የስድስት ደቂቃዋ እርምጃ ትልቁ ጥቅሟም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። እናት «ልጄ ሮጦ ይሞትብኛል» ስትል፣ ባለሙያው ዓይኗ እያየ አስሂዶት «እማማ፣ ይኸው 500 ሜትር ሄደ፣ ምላሱ ቀይ ነው፣ ኦክስጅኑም አልወረደም» ሲላት ፍርሃቷ በቁጥር ይፈታል። በቃል ቢነግሯት አታምንም፤ ካየችው ግን ታምናለች።

ጸበሉስ? ሰላ ድንጋይ ጻድቃኔ ማርያም ልጁን አዝለው የሚወርዱ እናቶችን «አትሂዱ» የምል ሰው አይደለሁም። ይሂዱ፣ ይጠመቁ። የሐኪም ቀጠሮውን አይዝለሉ፣ ክኒኑን አያቋርጡ እንጂ። ሁለቱ አይጣሉም።

እንግዲህ ቡናውም ፈላ፣ ጨዋታዬም አለቀ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ለሦስት ሰዎች መልእክት አለኝ። እናንተ አስተማሪዎች፣ ሁልጊዜ ግብ ጠባቂ የሚሆነውን፣ ሰልፍ ላይ ቁጢጥ የሚለውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ወላጁን ጥሩ። እናንተ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ 30 ሜትር ገመድ ግዙ፣ ኦክሲሜትራችሁን ባትሪ አታሳጡ፣ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከ«ይደክመዋል» ቀጥሎ ሜትሩን ጻፉ። እናንተ እናቶች ደግሞ፣ ሲጠባ ግንባሩ ችፍ የሚለውን ሕፃን ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ሐኪሙም ጨርሶ «ይጫወት» ካላችሁ ልቀቁት፣ ይጫወት።